የዘመኑ ዘፈን በድሮ ስዊንግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያኒስቱ ስኮት ብራድሊ ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ በሚኖርበት አፓርታማ ሳሎን ሙዚቀኞችን ሰብስቦ የወቅቱን ተወዳጅ ዘፈኖች በአያቶች ዘመን ስልት እያስጫወተ ዩቲዩብ ላይ ይለቅ ነበር። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሏል፣ ዘፋኟ ፒያኖው አጠገብ ቆማለች፣ ዘፈኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይቀረጻል። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማክልሞርን የራፕ ዘፈን በዚህ መልክ ሲያቀርቡ ሰዉ ሥራውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለው። ፖስትሞደርን ጁክቦክስ የሚባለው ይህ ቡድን ከዚያ ወዲህ በየአገሩ እየዞረ መድረክ ላይ ይጫወታል።

ይህን ሙዚቃ እወደዋለሁ። ስለሱ የሚባለውን ስሰማ ግን ቅር ይለኛል፤ ትልቁን ሥራ የሠራው ሰው፣ ዘፈኑን ለአዲሱ ስልት የሚያዘጋጀው አቀናባሪ፣ ከወሬው ውስጥ የለማ። ከዚህ በታች ያሉት አመለካከቶች አብዛኞቹ እሱን ካለማየት የመጡ ናቸው።

«ዩቲዩብ የወለደው ጨዋታ ነው»

ጃዝ ራሱ ያደገው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ ክላሲክ ብለን የምናከብራቸው ብዙዎቹ የጃዝ ዜማዎች በጊዜያቸው የብሮድዌይ ቲያትርና የሬዲዮ ዘፈኖች ነበሩ። «ቦዲ ኤንድ ሶል» የ1930 የፍቅር ዘፈን ነው። ኮልማን ሃውኪንስ በ1939 በቴነር ሳክስፎን ሲቀዳው ዋናውን ዜማ ገና ከጅምሩ ተሰናብቶ በኮርዶቹ (ዜማውን በሚያጅቡት፣ አንድ ላይ በሚሰሙ ድምፆች) ላይ የራሱን መንገድ ሄደ፤ ሳክስፎን የሚማር ሰው እስከ ዛሬ ያንን ቅጂ ያጠናል። የጆርጅ ገርሽዊን «አይ ጋት ሪትም»ም በ1930 ለቲያትር የተሠራ ነው፤ የኮርዱ አካሄድ ተወስዶ ስፍር ቁጥር የሌለው አዲስ ዜማ ተሠርቶበታል። ካውንት ቤሲ በ1966 በቢትልስ ዘፈኖች አልበም ሠራ። ማይልስ ዴቪስ በ1985 ማይክል ጃክሰንና ሲንዲ ሎፐር የዘፈኗቸውን በትራምፔቱ ተጫወተ። ፖል አንካም በ2005 የኒርቫናን ሮክ ከቢግ ባንድ፣ ማለትም ብዙ የነፋስ መሣሪያ ካለው ትልቅ የጃዝ ባንድ፣ ጋር ዘፈነው። ብራድሊ የመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ምቱን ማወዛወዝና ኮፍያ ማድረግ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። የዘመኑ ፖፕ አንዱን ምት አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለአራት እኩል ይከፍላል፤ ኮምፒውተሩም ሚዛኑን ዝንፍ ሳያደርግ ይጠብቃል። በስዊንግ ግን ምቱ ለሁለት ሲከፈል የፊተኛው ይረዝማል፣ የኋለኛው ያጥራል። በመካከለኛ ፍጥነት የፊተኛው የኋለኛውን ሁለት እጥፍ ያህላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ልዩነቱ እየጠበበ ወደ እኩል ይጠጋል። ስለዚህ ስዊንግ አንድ ቁልፍ ተጭነው የሚያመጡት ነገር አይደለም፤ ድራመሩ፣ ቤዚስቱና ዘፋኟ በጆሮ ተናበው የሚያገኙት ነው።

ቀጥሎ ዜማው አለ። የዛሬ ዘፋኝ ቃላቱን በደቃቁ እየከፋፈለ በምቶቹ መካከል ይበትናቸዋል። ይህንኑ እንዳለ ወስደው ስዊንግ ላይ ቢያስቀምጡት ይደናቀፋል። አቀናባሪው ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል ወይም እጥፍ ያደርጋል፤ የትኛው ቃል በየትኛው ምት ላይ እንደሚያርፍም እንደ አዲስ ይወስናል። ከሥር ደግሞ የኤሌክትሮኒክሱን ቤዝ ደብል ቤዝ ይተካውና በየባሩ፣ ማለትም አራት ምት በያዘው በእያንዳንዱ ክፍል፣ አራት ጊዜ እየረገጠ ይራመዳል። የሚራመድ ቤዝ መሄጃ ይፈልጋል። አራት ኮርድ ብቻ እየደጋገመ ሦስት ደቂቃ የሚጓዝ ዘፈን ይህን አይሰጠውም፤ ስለዚህ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩ ኮርዶች ይገባሉ፣ ከኮርዱ መነሻ ሲቆጠሩ ሰባተኛና ዘጠነኛ የሆኑ ድምፆች ይጨመራሉ። ቢግ ባንድ ከሆነማ ለሳክስፎኖቹ፣ ለትራምፔቶቹና ለትሮምቦኖቹ እያንዳንዷን ኖታ ለየብቻ መጻፍ አለ።

ኬት ዴቪስ ከቡድኑ ጋር በ2014 የሜገን ትሬነርን ዘፈን ደብል ቤዝ እየተጫወተች ስትዘፍን የተቀረጸውን ማየት ይበቃል። ግራ እጇ የቤዙን አንገት ይዞ ይወጣል ይወርዳል፣ ቀኝ እጇ አራቱን ምት ይጠብቃል፣ ድምፅዋ ደግሞ በሌላ አካሄድ ከላይ ይሄዳል። እስቲ ማንም ይሞክረው!

«የዛሬ ዘፈን ባዶ ነው፤ ነፍስ የሚዘራበት ጃዝ ነው»

ባዶ ዘፈን አቀናባሪንም ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ሃሌይ ራይንሃርት ከቡድኑ ጋር በ2015 የዘፈነችው የሬዲዮሄድ «ክሪፕ» ያን ያህል የተወደደው በድምፅዋ ብቻ አይደለም። ዋናው ዘፈን የተሠራው በአራት ኮርዶች ነው፦ ሶል ሜጀር፣ ሲ ሜጀር፣ ዶ ሜጀር፣ ዶ ማይነር። በውስጣቸው ያለችውን አንዲት መስመር ተከተሉ፤ ከሬ ወደ ሬ ሻርፕ፣ ከዚያ ወደ ሚ ትወጣና በሚ ፍላት አድርጋ ወደ ሬ ትመለሳለች። በግማሽ በግማሽ ድምፅ እየሄደች ልብ የምትበላው ይህች መስመር በድሮዎቹ የፍቅር ዘፈኖች ውስጥም የተለመደች ነች። አቀናባሪው ያገኘውን ገለጠ እንጂ ከየትም አላመጣም። ለእኔ የጥሩ ቅንብር ምልክቱ ይህ ነው፤ ከሰማነው በኋላ ዋናውን ዘፈን ተመልሰን በአዲስ ጆሮ መስማት እንጀምራለን።

«ድሮ የተባለ ሁሉ ጃዝ ነው»

አይደለም። ራግታይም ከ1900 ግራና ቀኝ ያለ የፒያኖ ስልት ነው፤ ስዊንግ በ1930ዎቹ አጋማሽ ገኖ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ነገሠ፤ በድምፅ የሚታጀበው ዱዎፕ የ1950ዎቹ ነው፤ ሞታውን የተባለው የዲትሮይት የሶል ሙዚቃ ከዚያ በኋላ መጣ። ፖስትሞደርን ጁክቦክስ ሁሉንም ይጠቀማል። የማይሊ ሳይረስን ዘፈን በ2013 የሠሩት ለምሳሌ በዱዎፕ ነው።

«ያ ዘመን ያማረና ንጹሕ ነበር»

ልብሱ ያማረ ነበር፣ ሙዚቃውም እንደዚያው። ሙዚቃውን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ግን በፊት በር እንዳይገቡ የሚከለከሉበት ዘመን ነበር። ዱክ ኤሊንግተን ከ1927 ጀምሮ ስሙን የገነባበት ኮተን ክለብ በጥቁሮች ሰፈር በሃርለም መሃል ሆኖ ደንበኞቹ ነጮች ብቻ ነበሩ። ቢሊ ሆሊዴይ በ1938 ከነጩ የአርቲ ሾው ባንድ ጋር ስትዘፍን ኒውዮርክ ውስጥ ባለ ሆቴል በዕቃ ማመላለሻው ሊፍት እንድትወጣ ተደርጋለች።

የአቀናባሪው ታሪክም እዚሁ ውስጥ ነው። ነጩ የባንድ መሪ ቤኒ ጉድማን «የስዊንግ ንጉሥ» ተባለ። በነሐሴ 1935 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፓሎማር አዳራሽ ወጣቱን ያሳበዱት፣ የስዊንግ ዘመን ከዚያ ምሽት ይቆጠራል የሚያስብሉትም ቅንብሮች ግን በአብዛኛው ፍሌቸር ሄንደርሰን የተባለ ጥቁር የባንድ መሪ የጻፋቸው ነበሩ። የሄንደርሰን የራሱ ባንድ በገንዘብ እጦት ሲንገዳገድ ቅንብሮቹን ለጉድማን ይሸጥ ነበር። ሳክስፎኖቹ ሲጠይቁ ትራምፔቶቹ የሚመልሱበትን አጻጻፍ፣ ዛሬ ማንም «የቢግ ባንድ ድምፅ» ብሎ የሚያውቀውን፣ መልክ ካስያዙት ዋነኞች አንዱ እሱ ነው። የድሮውን ስልት ስንወድ ይህን ሰው በስሙ መጥራት ዕዳችን ይመስለኛል።

«የሰው ዘፈን መስረቅ ነው»

በአሜሪካ ሕግ መልሱ ግልጽ ነው። አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ አንዴ ተቀድቶ ለሕዝብ ከተሠራጨ በኋላ ሌላው ሰው በሕግ የተወሰነውን ክፍያ ለዘፈኑ ባለመብት እየከፈለ በድምፅ መቅዳት ይችላል፤ ደጅ መጥናት አያስፈልገውም። ይህ ደንብ ከ1909 ጀምሮ አለ። ለራሱ አጨዋወት በሚስማማ መልክ ማቀናበርም ተፈቅዶለታል፤ መሠረታዊውን ዜማና የሥራውን ባሕርይ መለወጥ ግን አይችልም። ይህ ፈቃድ ቪዲዮን አይጨምርም፤ ለምስል የሚሆነው ፈቃድ ለብቻው በድርድር ይገኛል። የሚያሳዝነው ሌላው አንቀጽ ነው፦ በዚህ መንገድ የተሠራ ቅንብር ባለመብቱ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ራሱን የቻለ የቅጂ መብት አያገኝም። ያን ሁሉ ኖታ የጻፈው ሰው የጻፈው ነገር ባለቤት አይደለም ማለት ነው።

«ለእኛ ዜማ አይሆንም»

ሆኖ ታይቷል። ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር የአገራችንን ዜማ ለነፋስ መሣሪያዎች አቀናብሯል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ኮርድ ጋር አጋብቷል፤ ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ባንድም በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ የእኛኑ ዜማዎች በራሱ ቅንብር ተጫውቷል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። ጃዝ ወደ ዶ ሲመለስ አዘውትሮ የሚጠቀምበት ኮርድ ደግሞ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ ትዝታ የማያውቃቸው ድምፆች ናቸው ማለት ነው። ዝም ብሎ የተጫነ እንደሆነ ዜማው ሳይለወጥ ትዝታነቱ ይጠፋል። አቀናባሪው የኮርዱን ድምፆች ቀንሶ ቤዙን በአምስቱ ድምፆች ላይ ብቻ ማራመድ ይችላል፤ ወይም ፋ እና ሲን ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድባት ክፍተት ብቻ ያሰማቸዋል። በሁለቱም መንገድ ጥሩ ሥራ ሊሠራ ይችላል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ በውስጡ ያሉት የግማሽ ድምፅ ርቀቶች ለተለመደው የጃዝ ኮርድ አካሄድ በቀላሉ አይገዙምና።