«የአያቴ ርስት ነው» ማለት ብቻውን አያስረታም

የመሬት ክርክር ይዞ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚነግረኝ የዘር ሐረጉን ነው። «አቅኚው አባታችን እገሌ፣ እሱ እገሌን ወለደ» እያለ ይወርዳል። እንደዚህ እምነት ጎጃሜን በከንቱ የሚያከስር አላየሁም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ያማረ ተረት ነው፤ ችሎት ላይ ግን አይሠራም።

ድሮስ ይሠራ ነበር። ርስት በዘር ቆጠራ ይጠየቅ ነበር፤ በአባትም በእናትም ወገን። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ «ርስታችንን ሊያስለኩብን ነው» ብሎ ያመፀው ለዚህ መብት ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 አከተመ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ዛሬ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። በዚያ ላይ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ፣ ማለትም አዲስ ድልድል ተደርጓል። ስለዚህ ዳኛው የአያታችሁን ስም አይጠይቅም። መሬቱ ለማን ተደለደለ? በማን ስም ተመዘገበ? ማን ሲያርሰው ኖረ? የሚለውን ነው የሚጠይቀው።

አንድ የቢቸና አካባቢ ገበሬ ሰባት ትውልድ በደብተር አስጽፎ መጣ። የየአያቱ ስም ሥር በቀይ እስኪብርቶ ተሰምሮበታል። ለክርክሩ ወጪ በሬ ሸጧል። ተከሳሹ ያቀረበው አንዲት ወረቀት ናት፦ መሬቱ በሽግሽጉ ጊዜ ለእናቱ መሰጠቱን የሚያሳይ የቀበሌ መዝገብ ግልባጭ። ከሳሹ ተረታ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የከሳሹ የገዛ እናት በስሟ የተመዘገበ መሬት ትታ ሞታለች፤ ወንድሙ ብቻውን ያርሰዋል። ያንን መሬት በውርስ መጠየቅ ሲችል የቅድመ አያት መሬት ሲያሳድድ ዓመታት አለፉ። የውርስ ክስ ደግሞ ይርጋ፣ ማለትም «የክስ ጊዜው አልፏል» የሚል መቃወሚያ ሊነሳበት ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ሦስት ዓመት ይላል።

«ያገባች ሴት ልጅ ድርሻ የላትም» የሚሉም አሉ። ሐሰት ነው። ወንድሞቿ ይህን ሲሏት ዝም የምትል እህት ታሳዝነኛለች።

«ግብር የገበርኩት እኔ ነኝ»? ደረሰኝ ደጋፊ ማስረጃ ነው፤ ብቻውን ባለይዞታ አያደርግም።

«አረንጓዴው ደብተር በእጄ ነው፣ ማንም አይነካኝም» የሚለውም ልክ አይደለም። ይህ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ጠንካራ ማስረጃ ነው። ከሕግ ውጭ መሰጠቱ ከተረጋገጠ ግን ይሰረዛል። ደግሞ ገልጣችሁ አንብቡት! በአራቱም አቅጣጫ የተጻፉት አዋሳኞች መሬቱ ላይ ካሉት ጋር ካልገጠሙ ተከራካሪያችሁ የሚይዛችሁ እዚያ ላይ ነው።

«በሽማግሌ ፊት ገዝቻለሁ» ለሚል መልሴ አጭር ነው። የመሬት ሽያጭ ውል ፈራሽ ነው፤ መቶ ሽማግሌ ቢፈርምበትም።

ሽማግሌ የሚጠቅመው ለዕርቅ ነው። የመሬት ሕጉም ተከራካሪዎች መጀመሪያ በስምምነት እንዲጨርሱ ያበረታታል። ብቻ ዕርቁን በጽሑፍ አድርጉት፣ ሁሉም ይፈርም።

ካልሆነና ክስ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሂዱ። የመዝገቡን ግልባጭ ጠይቁ። የሽግሽጉ ጊዜ የኮሚቴ አባላት በሕይወት ካሉ ስማቸውን ያዙ። ወራሽ ከሆናችሁ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። ጠበቃ የምትቀጥሩት ከዚያ በኋላ ነው።