ፓቲና ምንድን ነው?

አዲስ መዳብ ቀይ ነው፣ ያብለጨልጫል። ደጅ ሲከርም መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ይጠቁራል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ አረንጓዴ ይለብሳል። ያ አረንጓዴ ልባስ ነው ፓቲና የሚባለው። መዳቡ ከኦክስጅን፣ ከእርጥበትና ከነዳጅ ጭስ ከሚወጣ የድኝ ጋዝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው።

ብዙ ሰው ሲያየው «ዛገ» ይላል። ግን የብረት ዝገት ሌላ ነው። እየተፈረፈረ ይወድቅና ከሥር ያለውን ብረት ለዝናብ ያጋልጣል። ፓቲና ደግሞ መዳቡ ላይ ሙጭጭ ብሎ ይከላከልለታል። በደንብ የተሟሸ ምጣድ ማን ይፈገፍጋል?

ለመሀል አዲስ አበባ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አራት ኪሎ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጉልላት መዳብ ነው። በ1923 ዓ.ም. አራዳ የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም ነሐስ ነው፤ ነሐስ ደግሞ አብዛኛው መዳብ ነው።

እንዲህ ያለ ቅርስ ሊታደስ ሲል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «ፈግፍገን እናብራው» ነው። እባካችሁ፣ አይሆንም! በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሸዋ ሲፋቅ ጌጡም አብሮ ይሄዳል። ቀጥቃጩ በመዶሻ ያወጣት የቅጠል ጠርዝ አንዴ ከተፋቀች አትመለስም። ብልጭታው ግን ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል።

ዋናው ችግር ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። የመዳብ ጌጥ በብረት ሚስማር ተመትቶ ከሆነ፣ ዝናብ ሲነካቸው ብረቱ ቶሎ ይበላል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከሚስማሩ ራስ ሥር ቀይ የዝገት መስመር ወርዷል፣ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ጠርዙ ተነስቶ ንፋስ ያወዛውዘዋል። የኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልትም የታመመው በዚሁ ነው። 2.4 ሚሊሜትር ብቻ የሆነው የመዳብ ልብሱ ደህና ነበር። የዛገው መዳቡን ከውስጥ የያዘው የብረት ዘንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጠናቀቀው እድሳት ዘንጉ በማይዝግ ብረት ተተካ፣ አረንጓዴው ግን አልተፋቀም።

ሙቀቱም አይረሳ። 10 ሜትር የመዳብ ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ልዩነት 7 ሚሊሜትር ያህል ይለጠጣል። የአዲስ አበባ ቀትር ፀሐይና የሌሊት ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮው ጠርዝ ለጠርዝ ተጣጥፎ ይያያዛል እንጂ ዳር እስከ ዳር አይበየድም።

የተበላ ቦታ ላይ አዲስ ቁራጭ ሲገባ ቀይ ሆኖ ጎልቶ ይታያል። ኬሚካል ቀብቶ ማመሳሰል ይቻላል። እኔ ግን ይተው ባይ ነኝ። ቀለሙን ዓመታት ያመጡታል፤ እስከዚያው የሚመጣው አዳሽ አሮጌውን ከአዲሱ ይለይበታል።