የሚን ኦርድ፦ ተማሪዎቹና የትምህርት ውጤታቸው

የሚን ኦርድ በሰሜን እስራኤል፣ ከሃይፋ በስተደቡብ፣ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ያለ የወጣቶች መንደር ነው። ውስጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹ እዚያው ይማራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ቁጥራቸው እንደየዓመቱ ቢለያይም ከ400 እስከ 500 ባለው ውስጥ ነው። በቤተ እስራኤል፣ ማለትም በኢትዮጵያ አይሁዶች ዘንድ ስሙ በደንብ ይታወቃል።

መንደሩ የተመሠረተው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የተሰየመው ለእንግሊዛዊው ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት መታሰቢያ ነው። ዊንጌት ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም። በ1941 የጌዴዎንን ጦር እየመራ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ከሱዳን በጎጃም በኩል የገባው እሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዊንጌት ትምህርት ቤትም የተሰየመው በእሱ ስም ነው። የጎንደር ልጅ ቀርሜሎስ ድረስ ሄዶ መልሶ ዊንጌት መግባቱ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከናዚ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆችና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በኋላ ከኢራንም የመጡ ተጨመሩ።

የመንደሩን መልክ የለወጡት ግን ከኢትዮጵያ የሄዱት ናቸው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እስራኤል በምስጢር ባካሄደችው የሙሴ ዘመቻ ሰባት ሺህ ያህል ቤተ እስራኤል ከሱዳን መጠለያዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። ብዙዎቹ ታዳጊዎች ብቻቸውን ነበሩ። የአንዳንዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ በረሃብና በበሽታ አልቀዋል፤ የሌሎቹ ኢትዮጵያ ቀርተዋል። ዘመቻው ወሬው ወጥቶ በድንገት ሲቋረጥ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። እነዚህን ልጆች የተቀበሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ልጆቹ በዕብራይስጥ «ፕኒሚያ» የሚሏቸው ማለት ነው። የሚን ኦርድ በዚህ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነበር። በግንቦት 1991 የሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል 14,000 ያህል ሰው ሲያስገባ ሁለተኛው ትልቅ ማዕበል መጣ።

ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ነበሩ። ትምህርት ቤት ጭራሽ ያልገባ አለ፤ በአማርኛ ጥቂት ክፍል የተማረም አለ። የልደት ወረቀት ስላልነበራቸው ዕድሜያቸው በግምት ተጻፈ። የብዙዎቹ ስምም ወደ ዕብራይስጥ ተለወጠ። እንዲህ ያለውን ልጅ በዕድሜው ልክ ክፍል ማስገባት ቀላል አይደለም።

በዚያ ዘመን መንደሩን የመራው ኻይም ፔሪ ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። የእሱ አካሄድ አጭር ነው፦ ተቋሙ ቤት ይሁን፣ ልጁ ያለፈውን ይዞ ይምጣ። ከክፍል ውጭ ከልጁ ጋር የሚውለው «መድሪኽ» የሚባለው አሳዳጊ እንደ መምህሩ እኩል ይቆጠራል። ተመራቂ በውትድርና ዕረፍቱ ሲመጣ ማደሪያ አያጣም። ወላጅ አገር ውስጥ ለሌለው ወታደር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬ የተማሪው ስብጥር ሰፋ ብሏል። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች፣ ከብራዚልና ከፈረንሳይ የመጡ አሉ። ኢትዮጵያውያን ከሚባሉት ብዙዎቹ አሁን እዚያው የተወለዱ ናቸው። ሌላ ትምህርት ቤት ያልተመቻቸው የአገሩ ልጆችም ይገባሉ።

ውጤት የሚለካው «ባግሩት» በሚባለው የማጠናቀቂያ ፈተና ነው። ሰርተፍኬቱን ለማግኘት ቢያንስ 21 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥብ ማለት እዚህ የትምህርቱ መጠን መለኪያ እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም። ሒሳብና እንግሊዝኛ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ነጥብ ደረጃ ይወሰዳሉ፤ 5 ከፍተኛው ነው። በተማሪዎች መካከል ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአገር ደረጃ ሰርተፍኬቱን በማግኘት በኩል በኢትዮጵያውያንና በሌሎች መካከል የነበረው ክፍተት ጠብቧል። ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባው ከፍ ያለ ባግሩት ግን ክፍተቱ አሁንም ሰፊ ነው። ጥሬውን መቶኛ ይዞ የሚን ኦርድን ከቴል አቪቭ ሀብታም ሰፈር ትምህርት ቤት ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይመስለኝም። ልጁ ከየት እንደተነሳ መታየት አለበት።

ስለ ፕኒሚያው ሥርዓት ራሱ ክርክር አለ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ታዳጊዎች ወላጅ ያላቸውም ጭምር ወደ አዳሪ ተላኩ። ልጅን ከቤተሰብ ነጥሏል፣ የወላጅን ሥልጣን ሸርሽሯል፣ ብዙዎችን ወደ ሙያ ክፍል ገፍቷል የሚሉ አሉ። ስለ ሙያ ክፍሉ የሚባለው በአጠቃላይ እውነት ነው። የቀረው ከቦታ ቦታ ይለያያል ይባላል። የሚን ኦርድ ከተሻሉት እንደሚቆጠር ግን ብዙም አያከራክርም።

በታኅሣሥ 2010 የ44 ሰው ሕይወት የቀጠፈው የቀርሜሎስ ቃጠሎ መንደሩንም አገኘው። ተማሪዎቹ በሰላም ወጡ። ቤተ መጻሕፍቱ ከነመጻሕፍቱ ነደደ፣ የሠራተኞች ቤቶችም ተቃጠሉ። በኋላ ተሠርቷል።

አሠራሩ አፍሪካም ደርሷል። ሩዋንዳ ውስጥ በ2008 የተከፈተው አጋሆዞ-ሻሎም የተባለው የወጣቶች መንደር የተቀረጸው በየሚን ኦርድ አምሳል ነው። መጀመሪያ የተቀበለው በዘር ማጥፋቱ ወላጅ ያጡ ልጆችን ነበር። እነሱ ካደጉ ወዲህ በሌላ ምክንያት የተቸገሩ ታዳጊዎችን ከመላ አገሪቱ ይቀበላል።