የእንግዴ ልጅ ሴሎች ጤንነት ምንድን ነው? ጽንሱንስ እንዴት ያሳድገዋል?

የትውልድ ቦታችንን «እትብቴ የተቀበረበት» ብለን እንጠራለን፤ ከእትብቱ ጋር አብሮ ስለሚወጣው እንግዴ ልጅ፣ ሐኪሞች ፕላሴንታ ስለሚሉት አካል ግን ብዙም አናወራም። በአራዳ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ግን ወዲያው አትጥለውም። ትሪ ላይ ዘርግታ፣ ከማህፀን ጋር ተጣብቆ የነበረውን ጎርባጣ ፊቱን ወደ ላይ አዙራ፣ ተቆርሶ ውስጥ የቀረ ክፋይ አለመኖሩን በጓንት ጣቷ እየዳሰሰች ታረጋግጣለች። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን እንግዴ ልጅ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወርዱም 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

ይህ አካል በእናትና በጽንስ መካከል የቆመ አሳላፊ ነው። የሁለቱ ደም አይቀላቀልም፤ የጽንሱ ደም እንደ ዛፍ ሥር በተሰራጩ ጥቃቅን ቅርንጫፎች ውስጥ ሲመላለስ፣ የእናትየው ደም ደግሞ ቅርንጫፎቹን ከውጭ ያጥባቸዋል። ቅርንጫፎቹ ቢዘረጉ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ። ገጻቸውን የሚያለብሰው፣ ትሮፎብላስት የሚባሉ ሴሎች እርስ በርስ ተዋህደው የሠሩት አንድ ወጥ ሽፋን ነው፤ ያረጀው ክፍል ሲረግፍ ከሥር ያሉት ሴሎች እየተባዙ ይተኩታል። የሴሎቹ ጤንነት ስንል እንግዲህ ይህ መተካካት ሳይቋረጥ መቀጠሉን፣ ሴሎቹም ለሥራቸው የሚበቃ ጉልበት ማግኘታቸውን ማለታችን ነው። ኦክስጅን ከበዛበት ወዳነሰበት በራሱ ይሻገራል፤ ለሥጋ መገንቢያ የሚሆነው አሚኖ አሲድ ግን እየተገፋ ማለፍ ስላለበት፣ በየሴሉ ያሉት የጉልበት ማመንጫዎች፣ ማለትም ማይቶኮንድሪያዎቹ፣ ሲዳከሙ ጽንሱ የሚደርሰው ድርሻ ይቀንሳል። አሳላፊው ራሱም የሚበላ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ማህፀን ከሚወስደው ኦክስጅን ቀላል የማይባለውን ድርሻ እንግዴ ልጁ ራሱ ይጠቀምበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ሥራ ግን ሆድ ገና በቅጡ ሳይገፋ የሚጀመረው ነው። ከትሮፎብላስት ሴሎች ከፊሎቹ ከቅርንጫፎቹ ተነጥለው የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስረው ይገባሉ፤ እዚያ ያሉትን ጠመዝማዛና ጠባብ የደም ቅዳ ቧንቧዎች ጡንቻቸውን አስለቅቀው ሰፋፊና ልል ያደርጓቸዋል። ይህ ሥራ እስከ 20ኛው ሳምንት አካባቢ በአብዛኛው ይጠናቀቃል። ሴሎቹ በሚገባ ሳይዘልቁ ከቀሩ ቧንቧዎቹ እንደጠበቡ ይቆያሉ፤ ደሙም አንዴ በኃይል እየተረጨ አንዴ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ስሱ ሽፋን ይጎዳል። የተጎዱት ሴሎች ወደ እናትየው ደም የሚለቋቸው ነገሮች የደም ሥሮቿን ያውካሉ፤ የደም ግፊቷ የሚጨምርበትና ብዙውን ጊዜም በሽንቷ ፕሮቲን የሚታይበት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚመጣበት ዋነኛ መንገድ ይህ ነው። ጽንሱ በበኩሉ ያገኘውን ጥቂት ኦክስጅንና ምግብ ለአንጎሉና ለልቡ ያስቀድማል፤ በዚህም ምክንያት አልትራሳውንድ ላይ ጭንቅላቱ ከሆዱ ይልቅ እድገቱን ጠብቆ ሊታይ ይችላል።

ሕፃን ከስቶ ሲወለድ በጠያቂዎች መካከል የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ነበር የምትበላው?» የሚል ነው። የእናት ምግብ ያለጥርጥር ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ገንፎውና አጥሚቱ ሳይጓደል አሳላፊው አቅም ካጣ ጽንሱ ይራባል፣ ይህም የእናትየው ጥፋት አይደለም። ትንሽ ሕፃን ሁሉ የተጎዳ ነው ማለትም አይቻልም፤ እንደ ወላጆቹ ደቃቃ ሆኖ ጤነኛ የሆነ አለ። የሚያሳስበው በየጊዜው ሲለካ ከራሱ የእድገት መስመር እየወረደ የሚሄደው ጽንስ ነው።

ሴሎቹን ከሚጎዱት መካከል ቀድሞ የነበረ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም፣ ሲጋራም ይገኙበታል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰልም ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእናትየው ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት።

የተጎዳን እንግዴ ልጅ መልሶ የሚጠግን መድኃኒት እስካሁን የለም። ለፕሪኤክላምፕሲያ ከፍ ያለ ተጋላጭነት ላላት እናት ሐኪም አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሊያዝላት ይችላል፤ የተሻለ የሚጠቅመው ግን ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ስለሆነ፣ ለቅድመ ወሊድ ክትትል በአምስተኛው ወር የመጣች እናት ይህ የተሻለው ዕድል አልፏታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መከታተልና የመውለጃውን ጊዜ መወሰን ነው። አዋላጇ ግፊቷን ትለካለች፣ ሽንቷን ታስመረምራለች፤ ከ24ኛው ሳምንት ወዲህም በልብስ ሰፊ ሜትር ዓይነት መለኪያ ከብልት አጥንት እስከ ማህፀኑ ጫፍ ትለካለች። ቁጥሩ በሴንቲ ሜትር ከሳምንቱ ጋር ይቀራረባል፤ በ32 ሳምንት 28 ከሆነባት መለኪያውን ጠቅልላ ለአልትራሳውንድ የሚላከውን ወረቀት ትጽፋለች።