የሜይን ሞካሲን ጫማና የጥራቱ ማሽቆልቆል

ማሰሪያ የሌለውና ከላይ ቀጭን የቆዳ መቀነት የሚያልፍበት ሞካሲን፣ አሜሪካኖች ፔኒ ሎፈር የሚሉት፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አለባበስ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ስፍራውን ይዞ የቆየ ጫማ ነው። ሥሩ ግን ኖርዌይ ነው። በአውርላንድ፣ ኒልስ ትቬራንገር የተባለ ጫማ ሰፊ በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይሠራው የነበረው ጫማ በቱሪስቶች ዘንድ ተወደደ። ጆርጅ ሄንሪ ባስ በ1876 የመሠረተውና በሜይን ግዛት፣ ዊልተን ከተማ የነበረው ፋብሪካም በ1936 የራሱን ዓይነት ዊጀንስ ብሎ ለገበያ አወጣ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ተማሪው ሁሉ የሚያደርገው ጫማ ይኸው ሆነ።

የጥሩ ሞካሲን ምስጢር ስፌቱ ነው። አንድ ወጥ ቆዳ ከእግር ሥር ዞሮ በሁለቱም ጎን ወደ ላይ ይታጠፋል። ቆዳው እርጥብ እንዳለ በፎርማው፣ ማለትም የእግር ቅርጽ ባለው መሥሪያ ላይ ይወጠርና ሰፊው በወስፌ እየበሳ፣ በሰም የታሸ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ ያሻግራል፤ ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ክሩን ያጠብቀዋል። ከላይ የሚገባው ክዳን ጠባብ፣ ዙሪያውን የሚታጠፈው ቆዳ ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ትርፉን በየስፌቱ እኩል መሰብሰብ የጫማ ሰፊው ዋና ሙያ ነው። በጣቶች ዙሪያ የሚታየው ሽብሽብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቆዳው ሲደርቅ የፎርማውን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲለበስ ደግሞ ቀስ በቀስ የባለቤቱን እግር ይመስላል። ሶሉ ሲያልቅ ተነቅሎ ሌላ ይሰፋበታል።

ርካሹ ዓይነት ይህንን ሁሉ ይዘለዋል። ቆዳው ሶሉ ጠርዝ ላይ ያበቃና በማስቲሽ ይጣበቃል፤ ከላይ የሚታየው ስፌት ጌጥ ብቻ ነው፣ የሚይዘው ነገር የለም። ቆዳውም ጠባሳውና ነቁጡ እንዳይታይ ፊቱ ተፍቆ በፕላስቲክ ነክ ቀለም የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለው ጫማ ከካርቶኑ ሲወጣ ያብረቀርቃል፤ ጥቂት ወራት ሲለበስ ግን ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ቅባቱ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ ቀለም ሲቀቡትም አይመለስም። ደህና ቆዳ ይሸበሸባል እንጂ አይሰነጠቅም።

ለውጡ የመጣው ባለቤትነት እጅ በእጅ ሲተላለፍ ነው። የባስ ኩባንያ በ1978 ለቼዝብሮ ፖንድስ፣ በ1987 ለፊሊፕስ ቫን ሁዘን ተሸጠ፤ የዊልተኑ ፋብሪካ በ1998 ተዘጋ። በ1946 በዚያው በሜይን የተመሠረተው ጫማ አምራች ሴባጎም በ2003 ወደ ዎልቨሪን፣ በ2017 ደግሞ ወደ ጣሊያኑ ቤዚክኔት አለፈ። ከሁሉ ግልጽ የሆነው የዴክስተር ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ባፌት በ1993 ይህንን የሜይን ጫማ አምራች በ433 ሚሊዮን ዶላር፣ ያውም በራሱ ኩባንያ በበርክሻየር አክሲዮን ከፍሎ ገዛው። የውጭ ሀገር ጫማ በዝቅተኛ ዋጋ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዴክስተር መቋቋም አቃተው፤ ባፌትም በኋላ ከፈጸማቸው ግዢዎች ሁሉ የከፋው ይህ እንደሆነ በይፋ ጽፏል።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ሥራው ወደ ውጭ ሀገር በመሄዱ ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ሞካሲንን በእጅ አሳምረው የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ። የተቀነሰው የቆዳው ደረጃና ለአንድ ጫማ የሚሰጠው የሰው ጊዜ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ሲቀነሱ ጫማው የትም ቢሠራ ያው ነው። የሚያሳዝነው ስሙና መልኩ እንደነበሩ መቀጠላቸው ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለአሮጌው ዝና ነው።

ሙያው ግን አልጠፋም። በሜይን፣ ሉዊስተን ከተማ ራንኮርት የተባለው የቤተሰብ ድርጅት እስካሁን በእጅ ይሰፋል። በማሳቹሴትስ የሚገኘው አልደን ደግሞ ከ1884 ጀምሮ ጫማ የሚሠራ ሲሆን፣ ለአንዳንድ ሞካሲኖቹ በቺካጎው ሆርዊን ፋብሪካ ቢያንስ ስድስት ወር የሚለፋ የፈረስ ቆዳ ይጠቀማል። ዋጋቸው ብዙ መቶ ዶላር ነው። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ጫማውን በእጁ አጠፍ አድርጎ የቆዳውን ፊት ይመልከት፤ ከዚያም ጣቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ የላዩ ስፌት እስከ ውስጥ መዝለቁን ይዳስስ።