ትክክል የተናገረችው ገረድ

በቀደም ከቅዳሜው ጉባኤ በፊት መዝሙረ ዳዊቴን ቤት ረስቼ መጣሁና ከአንድ ልጅ ተዋስኩ። እዚሁ የካ አባዶ ባጃጅ የሚነዳ፣ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ያደገ ልጅ ነው። ስገልጠው ከመካከሉ አንድ ወረቀት ወደቀ። የቤቲንግ፣ ማለትም የኳስ ውርርድ፣ ትኬት ነው። ዕልባት አድርጎታል። ብዙ ከመታጠፉ የተነሣ ጽሑፉ ደብዝዟል። አሥር ጨዋታ ተመድቦበታል። ዘጠኙ አጠገብ በሰማያዊ እስክሪብቶ የ«ራይት» ምልክት አለ። አሥረኛው አጠገብ ምንም የለም።

ልጁ ሲያየኝ አየሁት። አፈረ፣ ከዚያ ሳቀ። «በአንዷ ነው የተበላሁት መምህር። በጭማሪ ሰዓት።»

ጉባኤው ሲያበቃ ባጃጇ ውስጥ ቁጭ ብለን አወራን። ነገሩ የተጀመረው በቴሌግራም ነው። የትኛው ጨዋታ እንዴት እንደሚያልቅ ጥቆማ የሚሰጥ ቻናል አለ። በነጻ የሚለቀቅ አለ፤ 500 ብር በቴሌብር ልከህ የምትገባበት «ቪአይፒ» የሚባልም አለ። ሁለት ወር ገብቷል። የባጃጇ ባለቤት የቀን ገቢ ይጠብቃል። ገቢው ሲጎድል ልጁ ከጓደኛ ይበደራል፤ ብድሩን ለመመለስ ሌላ ትኬት ይቆርጣል። ይኼን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ኃጢአት ነው ብለው ብቻ አይለፉኝ። በዲሲፕሊን፣ ለረጅም ጊዜ ከተሠራበት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ እኛ መምህራን «ቁማር ነው፣ ተዉት» ብለን እናልፋለን። ወጣቱ ደግሞ በሆዱ «አንተ ስለ ኦድ ምን ታውቃለህ» ይላል። እውነቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ኦድ ማለት ካሸነፍክ ላስያዝካት ለእያንዳንዷ ብር የሚከፈልህ ነው።

በአንድ ጨዋታ ከ2.5 ጎል በላይ ይገባል የሚለው 1.85፣ በታች የሚለውም 1.85 ተሰጥቶታል እንበል። አንዱ በዚህ 100 ብር፣ ሌላው በዚያ 100 ብር አስያዘ። አጫዋች ቤቱ 200 ብር ሰብስቦ ላሸነፈው 185 ይከፍላል። 15 ብር ቀረችው። ማን እንዳሸነፈ ለቤቱ ግድ አይሰጠውም። አንተ በዚህ ኦድ 100 ጊዜ አንድ አንድ ብር ብታስይዝና 54ቱን ብትመታ የምትሰበስበው 99 ብር ከ90 ሳንቲም ነው። ከግማሽ በላይ አውቀህም ገና አሥር ሳንቲም ከስረሃል።

አሥር ጨዋታ ስትደረድር ደግሞ ይብሳል። ትኬቱ የሚከፈለው አሥሩም ሲገቡ ብቻ ነው። የቤቱ ድርሻ በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ እየተባዛ ይሄዳል። እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎች አንድ ትኬት ላይ ሲገቡ፣ ከምታስይዘው 100 ብር በአማካይ ወደ አንተ የሚመለሰው 46 ብር ገደማ ነው። «ሁሉም እኮ እርግጠኛ ጨዋታዎች ናቸው» ትላለህ። እሺ፣ እያንዳንዱ 70 በመቶ የመግባት ዕድል አለው እንበል። አሥሩም አንድ ላይ የሚገቡት ከ100 ትኬት በሦስቱ ያህል ብቻ ነው። «በአንዷ ተበላሁ» የሚለው ቃል የሁሉም ሰው ቃል የሆነው ለዚህ ነው። በአንዷ መበላት ለትኬቱ ተፈጥሮው ነው። ከገባም ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ድል ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። ሲበሉህ ግን የሚመልስልህ የለም።

«ጥቆማ ሰጪውስ? አምስት ተከታታይ ጨዋታ ነግሮኝ አምስቱም ገብተዋል» አለኝ ልጁ። ይቺን በደንብ አስቡልኝ። አንድ ሰው 1600 ስልክ ቁጥር አለው። ለ800ው «ባለሜዳው ያሸንፋል» ይላል፤ ለቀሩት 800 «አያሸንፍም» ይላል። የተሳሳተባቸውን ይተዋቸዋል። የቀሩትን 800 ደግሞ ለሁለት ይከፍላል። 400፣ 200፣ 100፣ 50። በአምስተኛው ጨዋታ 50 ሰዎች አምስት ከአምስት የተናገረላቸውን ሰው እንደ ነቢይ ያዩታል። አንዱ 500 ብር ቢልክለት 25 ሺህ ብር አገኘ። ኳስ ማየትም አላስፈለገውም። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል አልልም። አንዳንዱ የገባለትን ብቻ ለጥፎ የተበላውን ያጠፋል። አንዳንዱ «ፊክስድ ጨዋታ አለኝ»፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ጨዋታ አውቃለሁ፣ ብሎ ይሸጣል። በእሱ ሊንክ የተመዘገበ ሰው በተበላ ቁጥር ከቤቱ ድርሻ የሚቆረጥለትም አለ። ይሄኛው ያንተን መበላት ነው የሚጠብቀው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ራሴ ልናገር። መምህር ነኝ ብዬ ከፍ ብዬ መቀመጥ አልፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቤት ኪራይ በተጨመረብኝ ሰሞን፣ ሦስት ሳምንት ያህል ትኬት ቆርጫለሁ። በትንሽ ብር ነው። መጀመሪያ ገባልኝ፤ ክፉው ነገርም እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ብሩን አይደለም። ሠርክ ጸሎት ላይ ቆሜ «እግዚኦ ተሣሃለነ» እያልኩ እጄ ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ ይዳብስ ነበር። ስንት ለስንት ሆኑ? ቄሱ መስቀል ይዘው ሲዞሩ እኔ በልቤ ኳስ ሜዳ ነበርኩ።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ለረጅም ጊዜ ያተረፈ ሰው የለም ካልኳችሁ ዋሸሁ። አለ። ብራይተንን የያዘው ቶኒ ብሉምና ብሬንትፎርድን የያዘው ማቲው ቤናም ሀብታቸውን በዋነኛነት ያገኙት ከውርርድ ነው። ኳስ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ። ግን እነሱ ቴሌግራም ላይ ተቀምጠው አልነበረም። ሒሳብና ስታቲስቲክስ የተማሩ ሰዎች ቀጥረው፣ ኩባንያ አቋቁመው፣ የእያንዳንዱን ጨዋታ ዕድል ከቤቱ በተሻለ ያሰላሉ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያገኙትን ስሌት ለእኔና ለእናንተ በ500 ብር አይሸጡም። በእውነት የሚያዋጣ ነገር የያዘ ሰው ምን በወጣው ለማያውቀው የባጃጅ ሹፌር ይነግረዋል? ተራው ሰው በተከታታይ ማሸነፍ ሲጀምር ብዙ አጫዋች ቤቶች የሚያስይዘውን መጠን ይቀንሱበታል ወይም አካውንቱን ይዘጉበታል። ለተሸናፊ በሩ ሁሌም ክፍት ነው።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ሒሳብ ነው። ልጁም «ስለዚህ የሚያውቅ ጥቆማ ሰጪ ካገኘሁ ችግር የለውም ማለት ነው?» አለኝ። የተወደዳችሁ፣ ትምህርቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ክፈቱ።

ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ናቸው። ወደ ጸሎት ስፍራ ሲሄዱ የምዋርተኝነት መንፈስ ያለባት አንዲት ገረድ አገኘቻቸው። «ለጌቶችዋም እየጠነቈለች ብዙ ትርፍ ታመጣ የነበረች» ይላል ቅዱስ ሉቃስ። ሰው ይመጣል፣ ነገ ምን ይሆናል ይላታል፣ ትነግረዋለች፣ ይከፍላል። ከጥቆማ ሰጪው የሚለያት ስልክ ስላልነበራት ብቻ ነው።

አሁን ምን እንዳለች ተመልከቱ። እየተከተለች «እነዚህ ሰዎች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» እያለች ጮኸች። ውሸት ነው? አይደለም። አንድም ስሕተት የለበትም። ጥቆማዋ ገብቷል! ጳውሎስ ግን «ጥሩ ማስታወቂያ ሆነችልን» አላለም። ለብዙ ቀን ታግሦ በኋላ ተቸገረና መንፈሱን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አዘዘው፤ ወጣላትም። ትክክል መናገሯ ነገሩን አላጠራውም። ስለዚህ «ያዋጣል ወይ» የሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ቢሆን እንኳ ገና ምንም አልተመለሰም።

ቀጥሎ ያለውን ቃል እኔ ሳነበው ሁሌ ያስደንቀኛል። መንፈሱ በዚያ ሰዓት «ወጣ» ይላል። ወዲያው ደግሞ ጌቶችዋ የትርፋቸው ተስፋ «እንደ ወጣ» አዩ ይላል። ሁለቱም ወጡ፤ ቃሉ አንድ ነው። መንፈሱና ትርፉ አብረው ይኖሩ ነበር፣ አብረው ሄዱ። ጌቶቹ ደግሞ ገረዲቱ ነጻ በመውጣቷ አልተደሰቱም። ሐዋርያትን ጎትተው አስደበደቧቸው፣ አሳሰሯቸው። ትርፉ ከመጀመሪያውም የእሷ አልነበረማ። ስትጠነቁል ውላ ማታ ወደ ጌቶቿ ቤት ባዶ እጇን ነበር የምትገባው።

እዚህ ላይ ልጁን ጠየቅኩት። «ብትበላስ፣ 20 ሺህ ብር ቢገባልህ፣ ከየት የመጣ ብር ነው?» ዝም አለ። ቤቱ ከኪሱ አውጥቶ አይሰጥም። የሌላው ባጃጅ ሹፌር የቀን ገቢ ነው። የቀን ሠራተኛው ደሞዝ ነው። እናቱ ለዘይት ሰጥታው ቤቲንግ ቤት የገባው ልጅ ብር ነው። ነጋዴ ሲያተርፍ ገዢው ቢያንስ ሽንኩርቱን ይዞ ይሄዳል። እዚህ ግን የአንዱ ደስታ የሌላው ማልቀስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ሰው በገዛ እጁ ይድከም ይላል፤ ለምን? ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው። ትኬት ደግሞ ከጎደለው ላይ ይወስዳል።

«ካሸነፍኩ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው የሚሳሉ አሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዘዳግም 23 ላይ ከርኩሰት የተገኘ ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ታዝዟል። ለታቦቱ ጃንጥላ አላነሰውም።

«ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ መርጠው የለም?» የምትሉ አትጠፉም። መርጠዋል። ጸልየው፣ ብር ሳያስይዙ፣ ማንም ሳይበላ። በመስቀሉ ሥር ልብሱ ላይ ዕጣ የተጣጣሉት ወታደሮች ናቸው። የሐዋርያት ቀኖናም ቁማርንና ስካርን አንድ ላይ አስቀምጦ ካህኑንም ምእመኑንም ይከለክላል።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግን? ብዙም አይደለም። ቻናሉን እዚያው ባጃጇ ውስጥ አብረን አጠፋነው። የዕዳውን ዝርዝር ጻፍን፤ ለባጃጇ ባለቤት እውነቱን ሊነግር ተስማማ፤ ንስሐ አባቱ ጋም እንደሚሄድ ነገረኝ። ይሄ ነገር ያለባችሁ ካላችሁ ቅዳሜ ከጉባኤው በኋላ አዳራሹ በር ላይ አለሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። አልቆጣም፤ የራሴንም ነግሬያችኋለሁ።

ትኬቱን አልቀደድኩትም። የእሱ ነውና እንዳለ ዳዊቱ ውስጥ አድርጌ መለስኩለት። ባለፈው ቅዳሜ ደወለልኝ። «መምህር፣ ጉባኤው ስንት ሰዓት ነው?» ጠፍቶት አይደለም። «11 ሰዓት» አልኩት። «ጨዋታውም 11 ሰዓት ነው እኮ» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ዘግይቶ መጣ። ባጃጇን አጥሩ ሥር አቁሞ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ስልኩን ለአጠገቡ ልጅ «ያዝልኝ» ብሎ ሲሰጥ አየሁት።