ኬሚስትሪ እየተማሩ አንድ ዓመት ውጭ ስለመቆየት የሚወራውና እውነታው

ጎንደር ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከዲግሪው መሀል አንድ ዓመት ውጭ ሄዶ የመማር ነገር በተነሳ ቁጥር ያው ወሬ ይደገማል። መስማቱ ሰልችቶኛል።

"ገንዘብ ያለው ብቻ ነው የሚሄደው።" አይደለም። እንደ አውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ፕላስ ባለ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ከ2 እስከ 12 ወር የሚማር ተማሪን ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቀውም። መጀመሪያ ማጣራት ያለባችሁ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት እንዳላቸው ነው።

"እንግሊዝኛ ከቻልኩ የትም ይሆናል።" ጀርመን ውስጥ የኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው የሚሰጠው በጀርመንኛ ነው።

"ኬሚስትሪ ተምሮ መጨረሻው መምህርነት ነው።" መምህርነት ምን ጎደለው? ደግሞስ ዳሽን ቢራ ፋብሪካ እዚሁ ከተማችን አይደል? ቢራ ያለ ጥራት ቁጥጥር፣ ጥራት ቁጥጥርም ያለ ኬሚስትሪ አይሆንም።

"እዚያ ሁሉን ነገር ማሽን ይሠራዋል፤ የእጅ ሥራ ለምኔ?" ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ልቡ ውጭ የሄደ ተማሪ ቢዩሬት (ፈሳሽ በጠብታ እየለቀቁ የሚለኩበት የመስታወት ቱቦ) ይዞ ጠብታ መቁጠር ጊዜ ማጥፋት ይመስለዋል። ማሽን ግን የሰጡትን ነው መልሶ የሚያሳየው። ኤንኤምአር (የውህድን አወቃቀር የምናይበት ማሽን) ውስጥ የሚገባው ናሙና በደንብ ካልደረቀ፣ የቀረው ኢቲል አሲቴት የተባለ ሟሚ በማሽኑ መለኪያ 1.26፣ 2.05 እና 4.12 ፒፒኤም አካባቢ ምልክቱን ያወጣል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የሟሚውን ምልክት የራሱ ውህድ አድርጎ ሲተነትን ይውላል። ናሙና ማድረቅ ደግሞ የእጅ ሥራ ነው።

ከዚህም የባሰው ቁጥር ማሳመር ነው። አንዲት ተማሪዬ ውሃ ስታፈላ ቴርሞሜትሩ 93 ዲግሪ ላይ ቆመ። ሪፖርቷ ላይ ግን 100 ብላ ጻፈች። ለምን ስላት "መጽሐፉ 100 ነው የሚለው፣ መምህር" አለችኝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር፤ ልጅቷም በትክክል አንብባዋለች። ጥሩ ላብራቶሪ ውስጥ ያየኸውን በእስክሪብቶ ትጽፋለህ፤ ስትሳሳት በአንድ መስመር ትሰርዛለህ እንጂ አታጠፋም። ይህን ልማድ እዚሁ ያልያዘ ተማሪ፣ እዚያ ሄዶ የሚያወጣውን ውጤት ማንም አያምነውም።

"የተማርኩት በራሱ ይቆጠርልኛል።" አይቆጠርም። ከመሄዳችሁ በፊት የምትወስዷቸው ኮርሶች በትምህርት ስምምነት ሰነድ ላይ መስፈር አለባቸው፤ እናንተም ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎችም ትፈርማላችሁ። በአውሮፓ አሠራር የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው፤ ከእኛ ክሬዲት ጋር ቁጥር ለቁጥር አይገጥምም። ስለዚህ ለዲፓርትመንታችሁ የኮርሱን ስም ብቻ ሳይሆን ዝርዝር ይዘቱን፣ በተለይ የላብራቶሪ ሰዓቱን አሳዩ። የመውጫ ፈተናውንም አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እሱን ሳያልፉ መመረቅ የለም፤ እዚያ የማታገኙት የአገር ቤት ኮርስ ካለ ሲላበሱንና ማስታወሻውን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ኮርስ ከቀየራችሁ ደግሞ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ "ችግር የለውም" ያላችሁ ኃላፊ ስትመለሱ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል።